የአሮጌ ቮልስ ብሎን፦ አዲስ ይገዛ ወይስ ያለው ይለበጥ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ ነው። ከአባቴ የወረስኩትን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራ ቮልስ ገላውን በባትላሜራ አስጠግኜ ቀለም አስቀብቻለሁ። አሁን ሊገጣጠም ሲል ከብሎኖቹ ግማሾቹ ዝገው፣ ግማሾቹ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ከሌላ መኪና ተለቃቅመው የገቡ ሆነው ተገኙ። ፍላጎቴ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን መልክ እንዲይዝ ነው። አንዱ መካኒክ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ቢጫ የተለበጠ አዲስ ብሎን ሙሉውን እንድገዛ መከረኝ፤ ሌላው ሁሉንም በማይዝግ ብረት ቀይር አለኝ፤ ሦስተኛው ያሉትን ኮምቦልቻ ወስደህ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ አስነክራቸው ይላል። ለዘመኑ ትክክለኛ የሆነውን ብሎን ከየት ላግኝ?»

መልስ፦ ከሦስቱ ምክሮች አንዱም ወደሚፈልጉት አያደርስዎትም። የአንድን ብሎን ዘመን የሚናገሩት የአናቱ መጠን፣ አናቱ ላይ የታተመው ምልክትና በላዩ ያለው ልባጥ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብሎኑ ሲሠራ አብረውት የተሠሩ ስለሆኑ ከጠፉ የሚመልሳቸው የለም፤ ልባጡ ግን ተልጦ እንደገና ሊለበጥ ይችላል። ስለዚህ «ከየት ላግኝ?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ፣ አብዛኛው የሚፈልጉት ብሎን አሁን ሊጥሉት ካሰቡት ክምር ውስጥ ነው የሚል ነው። አንድም ዝገት የበላው ብሎን ሳይታይ ከጋራዡ እንዳይወጣ አጥብቄ አሳስባለሁ።

ከክምሩ አንድ የፓራፋንጎ ብሎን ያንሡና አናቱን በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ አጽድተው ብርሃን ላይ ይመልከቱት። 8 ቁጥርና ጂ የተባለውን የላቲን ፊደል አብረው ታትመው ካገኙ፣ ከጎናቸውም የአምራቹ ስም ወይም ምልክት ካለ፣ በእጅዎ ያለው የዚያ ዘመን ጀርመን ሠራሽ ብሎን ነው። የጀርመን ፋብሪካዎች እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ (እ.ኤ.አ.) የብሎንን ጥንካሬ 8 ጂ፣ 10 ኬ፣ 12 ኬ እያሉ በቁጥርና በፊደል ያትሙ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዛሬ በየሱቁ የምናያቸው 8.8፣ 10.9 እና 12.9 ተተኩ። ጥንካሬያቸው በቅደም ተከተል ተመጣጣኝ ነው፤ 8.8 የታተመበት ብሎን የ8 ጂውን ሥራ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ልዩነቱ የመልክና የታሪክ ነው፤ የእርስዎም ጥያቄ ስለ መልክና ስለ ታሪክ ስለሆነ ልዩነቱ ለእርስዎ ዋጋ አለው። ቮልስ በሜክሲኮ እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሲመረት ስለቆየ «የቮልስ ኦሪጅናል» ተብለው የሚሸጡ ብዙ ብሎኖች በእርግጥም የቮልስ ናቸው፤ ግን የእርስዎ መኪና ዘመን አይደሉም።

የመፍቻው ቁጥርም ራሱን የቻለ ምስክር ነው። በቆየው የጀርመን ደረጃ ኤም 8 የሚባለው (የጥርሱ ዲያሜትር 8 ሚሊ ሜትር የሆነው) ብሎን በ13 መፍቻ (በቀደሙት ቮልሶች ላይ ደግሞ በ14)፣ ኤም 10 በ17፣ ኤም 12 በ19 ይፈታል። ኋላ የመጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ኤም 10ን ወደ 16፣ ኤም 12ን ወደ 18 ዝቅ አደረጋቸው። በእርስዎ መኪና ላይ በ16 መፍቻ የሚፈታ ብሎን ካገኙ፣ አጥብቆ የያዘ ቢሆንም እንኳ ኋላ የገባ እንግዳ ነው።

ወሎ ውስጥ ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። በየጋራዡ የሚገኘው ትርፍ ብሎን አብዛኛው ከቶዮታ የወጣ ነው፤ የጃፓን ኤም 8 በ12 መፍቻ፣ ኤም 10 ደግሞ በ14 ይፈታል። የኤም 8ቱ ጥርስ እርምጃ (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ከጀርመኑ ጋር አንድ ዓይነት፣ ማለትም 1.25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መልኩን ቢያበላሽም ጉዳት አያደርስም። በኤም 10 ላይ ግን ጀርመኑ 1.5 እርምጃ ሲጠቀም ቶዮታ በብዛት የሚጠቀመው 1.25 ነው። ይህ ብሎን በቮልሱ ቀዳዳ ላይ አንድ ሁለት ዙር በጣት ይገባና ይይዛል፤ መካኒኩ ትንሽ ዝጎ ነው ብሎ በመፍቻ ሲገፋው የሞተሩን ወይም የገላውን ጥርስ ጠርጎ ይጨርሳል። ስለዚህ ማንኛውንም ብሎን ከመለበጥ በፊት በጥርስ መለኪያ ይለኩ፤ መለኪያው ከሌለዎት እርግጠኛ የሆኑበትን የቮልስ ዳዶ በጣት ብቻ ከጫፍ እስከ አናት ያስኪዱበት። ከፊያት የወጣ ኤም 10ም በብዛት ባለ 1.25 እርምጃ ነው። ይህኛው በ17 መፍቻ የሚፈታ በመሆኑ ከጀርመኑ ጋር በዓይን ብቻ ለመለየት አስቸጋሪ ነው፤ በጣሊያን መኪኖች ላይ ለዓመታት በሠሩ የደሴና የኮምቦልቻ ጋራዦች ውስጥ ደግሞ ብዙ ያጋጥማል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። ቢጫ ብሎን የአሮጌ መኪና ምልክት ነው የሚለው እምነት በጣም ተስፋፍቷል፤ ለእርስዎ መኪና ግን አይሠራም። ቢጫው መልክ የሚመጣው ዚንክ ከተለበጠ በኋላ በክሮሜት ውህድ ውስጥ ሲነከር ነው። አሠራሩ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቢታወቅም በአውሮፓ መኪኖች ላይ በብዛት የተስፋፋው በ1970ዎቹ ነው። በ1966 ቮልስ ላይ በብዛት የሚጠበቀው ብርማ መልክ ያለው ዚንክ፣ እንዲሁም ጥቁር ወይም ግራጫ ፎስፌት (ብረቱን በፎስፎሪክ አሲድ ውህድ በማከም የሚገኝ ልባጥ) ነው። ከዚህም በላይ የአውሮፓ ኅብረት ለቀድሞው ቢጫ መሠረት የነበረውን ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ስለከለከለ፣ ዛሬ በሱቅ የሚያዩት ቢጫ ብዙውን ጊዜ በሌላ ውህድ ወይም በቀለም የተገኘ ነው። የድሮው ብርሃን ላይ ሲገላበጥ አረንጓዴና ሐምራዊ ያንጸባርቅ ነበር፤ የአሁኑ ይህ ነገር ይጎድለዋል። ስለዚህ ቢጫው ከዘመኑ ጋር አይሄድም፤ ዘመኑ ቢሆን እንኳ መልኩ የዚያ ቢጫ አይሆንም።

ይህን በእኔ ቃል ብቻ አይቀበሉት፤ መኪናው ራሱ ማስረጃ ይዟል። ብሎን ከላይ ቢዝግም ሮንዴላው የሸፈነው ክብ ቦታና ዳዶው ውስጥ ተደብቆ የኖረው ጥርስ አየርና ውሃ ብዙም ስለማያገኙ የፋብሪካውን ልባጥ ይዘው ይቆያሉ። ሮንዴላውን ሲያነሡ ከሥሩ ብርማ ቀለበት ካዩ ዚንክ ነበረ፤ ጥቁር ሆኖ ዘይት የጠጣ የሚመስል ከሆነ ፎስፌት ነበረ። ይህን ከማጽዳትዎ በፊት ያድርጉ፤ ከየቦታው የወጣውን በየፌስታሉ ለይተው ቦታውን ይጻፉበት፤ ፎቶም ያንሡ። ብሎኖቹ አንድ ጊዜ አቼቶ ውስጥ ከገቡ ይህ ማስረጃ ለዘለዓለም ይጠፋል።

ማይዝግ ብረት ለዚህ መኪና አይሆንም፤ ከመልኩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጥንካሬው ነው። በብዛት የሚሸጠው ኤ 2-70 የሚባለው ዓይነት በዘላቂነት መለመጥ የሚጀምረው 450 ሜጋ ፓስካል ላይ ሲሆን 8.8 ግን እስከ 640 ይችላል። በተጨማሪም ማይዝግ በማይዝግ ላይ ሲጠብቅ ጥርሶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ብሎኑ እስኪቆረጥ ድረስ የማይፈታበት ጊዜ አለ። አዲስ ቀለም በተቀባ ገላ ላይ ይህ ቢደርስብዎት የሚከተለውን ጣጣ መገመት አያዳግትም።

ኮምቦልቻ የተባለው ምክር የመጣው ሁለት የተለያዩ አሠራሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ይመስለኛል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚለበጠው ወደ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ ነው። በዚህ መንገድ ብሎን ላይ የሚያርፈው ዚንክ ብዙውን ጊዜ 50 ማይክሮን ገደማ ነው (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው)፤ በጥርስ ላይ ደግሞ ውፍረቱ በሁለቱም ጎንና በሁለቱም ፊት ስለሚደመር የጥርሱን መካከለኛ ዲያሜትር በልባጡ ውፍረት አራት እጥፍ፣ ማለትም በ0.2 ሚሊ ሜትር ያሰፋዋል። የመኪናዎ ዳዶ በዚህ ላይ አይገባም፤ ለድልድይና ለመብራት ምሰሶ የሚሠሩ ብሎኖች ሰፋ ያለ ዳዶ የሚደረግላቸውም ለዚሁ ነው። ለእርስዎ የሚሆነው በኤሌክትሪክ የሚለበጠው ዚንክ ነው፤ ውፍረቱም ከ5 እስከ 8 ማይክሮን መሆን አለበት። ለኤም 8 ብሎን 7 ማይክሮን ገደማ የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ፋብሪካው በብሎኑና በዳዶው መካከል የተወውን ክፍተት ልባጡ ጨርሶ ይበላዋል። «ወፈር አድርጉልኝ፣ እንዲቆይልኝ» የሚለው ልመና እዚህ ላይ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

በኤሌክትሪክ የሚለብጥ ድርጅት ሲያገኙ፣ ብሎኖቹን ከማስረከብዎ በፊት ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቁ። ትንንሽ ብሎኖች በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ሲለበጡ መልካቸው ከፋብሪካው ጋር ይቀራረባል፤ በሽቦ ተንጠልጥለው ሲለበጡ ሽቦው የነካው ቦታ ባዶ ይቀራል። ከዚንኩ በኋላ የሚደረገው ማጠናቀቂያ ጥርት ያለው ወይም ጥቂት ሰማያዊ የሚያሳየው ይሁን፤ ይህ ለ1966 መኪና በጣም ቅርቡ መልክ ነው። ያለዚህ ማጠናቀቂያ የቀረ ዚንክ በደሴ ጭጋግና ክረምት ቶሎ ደብዝዞ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ብሎኖቹን ቆጥረው፣ ፎቶ አንሥተው፣ መጠኑን ጽፈው ያስረክቡ፤ ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር አብረው ወደ በርሜል እንዳይገቡም አስቀድመው ይስማሙ። የጠፋን ባለ 8 ጂ ብሎን በገንዘብ መተካት ከባድ ነው።

ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው የሚከተለው ነው። ብረት በአሲድ ሲጸዳና በኤሌክትሪክ ሲለበጥ ሃይድሮጅን ወደ ውስጡ ይገባል። 8 ጂና ከዚያ በታች ባሉት ላይ ይህ ብዙ አያሳስብም፤ 10 ኬና 12 ኬ፣ እንዲሁም ሞላነት ያላቸው ሮንዴላዎች ግን በጣም የጠነከረ ብረት ስለሆኑ ሃይድሮጅኑ ተሰባሪ ያደርጋቸዋል። የሚያስፈራው ሲጠብቁ አለመሰበራቸው ነው፤ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ወይም የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ፣ አናታቸው ድንገት ይበጠሳል። መድኃኒቱ ልባጡ እንዳለቀ፣ በአራት ሰዓት ውስጥ፣ ከ190 እስከ 220 ዲግሪ ሙቀት ባለው ምድጃ ለበርካታ ሰዓታት ማቆየት ነው፤ የክሮሜቱ ማጠናቀቂያ ከ60 ወይም 70 ዲግሪ በላይ ሙቀት ስለማይችል መደረግ ያለበት ከምድጃው በኋላ ነው። ለባጩ ይህን ቅደም ተከተል ካላወቀው ወይም «አያስፈልግም» ካለዎት፣ 10 እና 12 ቁጥር የታተመባቸውን በፍጹም አይስጡት።

በራስዎ እጅ የሚሠራው ማጽዳቱ ነው፤ የመጨረሻውንም መልክ የሚወስነው እሱ ነው፤ ስስ ልባጥ ዝገት የቦረቦረውን ጉድጓድ አይሞላም፣ እንዲያውም አጉልቶ ያሳየዋል። ቅባቱን በነጭ ጋዝ ካስለቀቁ በኋላ 8 ጂዎቹን አንድ ሌሊት አቼቶ ውስጥ ማሳደር ይበቃል፤ ከዚያም ቤኪንግ ሶዳ በተጨመረበት ውሃ አጥበው ወዲያው ያድርቁና ዘይት ያስነኳቸው። ጠንካሮቹን ግን በአሲድ አይንኩ፤ በብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ያጽዷቸው። በሞተር የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ አናቱ ላይ ያለውን ምልክት እየበላ ስለሚያደበዝዘው ለጥርሱ ብቻ ይጠቀሙበት። ጥርሱንም በፊሌራ እንደ አዲስ አያስቆርጡ፤ የፋብሪካው ጥርስ ተቆርጦ ሳይሆን በግፊት ተንከባሎ የወጣ ስለሆነ ፊሌራው ጥሩውን ብረት ይዞ ይሄዳል።

በዚሁ ላይ አንድ የጤና ጉዳይ ልጨምር። በዚያ ዘመን አንዳንድ ብሎኖች፣ በተለይ በላንድሮቨርና በሌሎች የእንግሊዝ መኪኖች ላይ፣ በካድሚየም ይለበጡ ነበር። ካድሚየም መርዛማ ነው፤ በዓይን ከዚንክ ለመለየትም ያስቸግራል። ከሌላ መኪና ተለቃቅሞ የገባ ብርማ ብሎን በክምርዎ ውስጥ ስላለ በደረቁ አይፈግፍጉት፣ በእሳት አያግሉት፣ ብየዳም አያስነኩት፤ በዘይት አርጥበው፣ አፍና አፍንጫዎን በደንብ ሸፍነው ይሥሩ። ቢጫውን ክሮሜት በቤት ውስጥ ለማዘጋጀት የሚሰጥ ምክር ቢያጋጥምዎም አይስሙ፤ ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ካንሰር ያመጣል።

ጥቁሮቹን በተመለከተ፣ ፎስፌት የሚሠራ ከተገኘ እሰየው። ብሎኑን በእሳት አግሎ በተቃጠለ ዘይት መንከር በየቀጥቃጩ ዘንድ ያለ ዘዴ ነው፤ ጥቁረቱም ያምራል። ነገር ግን ሙቀቱን በዓይን መመጠን ስለማይቻል የብሎኑ ጥንካሬ ሊሟሽሽ ይችላል፤ ስለዚህ ከባድ ነገር ለማይሸከሙ ትንንሽ ቪቲዎች ብቻ ይጠቀሙበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚጎድልዎት ጥቂት ነው፤ እሱን ፍለጋ ሲወጡ ከሱቅ ይልቅ በአሮጌ ጋራዥ ይጀምሩ። ደሴና ኮምቦልቻ፣ እስከ ወልዲያም ድረስ፣ ከአዲስ አበባ አሥመራ በሚወስደው በዋናው መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ለረጅም ዘመን የሠሩ መካኒኮች ከሚፈታ መኪና የወጣን ብሎን በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ማከማቸት ልማዳቸው ነው። ቆርቆሮውን ሙሉ ለመግዛት ይጠይቁ፤ አንድ በአንድ ለመልቀም ባለቤቱም አይታገሥዎትም። አዲስ አበባ ሲሄዱ ከሶማሌ ተራ ይልቅ ምናለሽ ተራ የተሻለ ዕድል አለው፤ እዚያ የሚገኘው ያገለገለ ዕቃ ነው፤ እርስዎም የሚፈልጉት ያገለገለውን ነው። ይዘው የሚሄዱት ናሙና አንድ ኤም 8 እና አንድ ኤም 10 ከዳዶዎቻቸው ጋር ይሁን። ከውጭ ለማስመጣት የሚያስገድድ ነገር ካለ፣ ለሻጩ በቀድሞው የጀርመን ደረጃ የተሠራ፣ ኤም 10ው በ17 መፍቻ የሚፈታ ብለው በግልጽ ይጻፉ፤ ይህ ዛሬም ይመረታል፤ አናቱ ላይ 8.8 ቢልም ከሥር በሚቀር ቦታ አይታይም። አናቱ ላይ የአምራች ምልክት የሌለውን 8.8 ግን ይለፉት፤ ደረጃው ሁለቱም አብረው እንዲታተሙ ያዛል።

የመጨረሻ ምክሬ ይህ ነው። ለዓይን የሚታዩት የገላ፣ የፓራፋንጎ፣ የፓራውልትና የሞተር ክዳን ብሎኖች ሁሉ የራሱ የመኪናው ይሁኑ፤ ተጸድተው በኤሌክትሪክ በስስ ዚንክ፣ በጥርት ማጠናቀቂያ ይለበጡ። ፍሬን፣ መሪና ጎማ የሚይዙት ላይ ግን ስለ ዘመን አያስቡ፤ ጥርሱ የተበላ፣ የተቦረቦረ ወይም ቀድሞ ተለጥጦ አንገቱ የቀጠነ ብሎን በታወቀ አምራች አዲስ ብሎን ይተካ፤ እነዚህን በምንም ዓይነት አያስለብጡ። ቢጫውንም ማይዝጉንም አይግዙ።

ከመግጠምዎ በፊት ደግሞ ገላው ላይ የተበየዱትን የፓራፋንጎ ዳዶዎች ይመልከቱ። ቀለም ቀቢው ካልደፈናቸው በስተቀር ጥርሳቸው በቀለም ተሞልቷል። አዲስ የተለበጠን ብሎን በዚያ ላይ በመፍቻ ማስገባት ልባጡን ይልጠዋል፤ ከከፋም ዳዶውን ከገላው ይነቅለዋል። ኤም 8፣ እርምጃው 1.25 የሆነ ማስኪዮ (የዳዶ ጥርስ ማውጫ) በእጅ ቀስ ብለው ያስኪዱበትና ግራሶ ቀብተው፣ ብሎኑን እስከ መጨረሻው በጣት ካስገቡ በኋላ ብቻ መፍቻ ያንሡ።